የዘጠኝ ሰዓት ቸኮሌት

ኅዳር 16 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ቸኮሌት ቀመሰች። ቦታው ላሊበላ፣ ከቤታችን ጓሮ ያለችው የሰም ክፍል ነው። ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እናቴ፣ እኔ እና ግድግዳ የምንጋራቸው፣ ጥጥ የሚፈትሉት አሮጊት ጎረቤታችን። ጾመ ነቢያት ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ለሁለቱም አንዳንድ ቁራጭ ሰጠኋቸው። እናቴ ቁራጯን ምላሷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ምድጃው ላይ የተጣደው ሰም ቀስ እያለ ይቀልጣል። ከጠባቧ መስኮት የገባው የከሰዓት ብርሃን እንፋሎቱ ላይ ሲያርፍ ወርቅማ አቧራ ይመስላል። ማር ማር ይሸታል።

"ይመራል" አለች። ትንሽ ቆየችና፣ "አሁን ደግሞ ምሬቱ ተወኝ። ይቀልጣል እኮ! ቁርጥ ሰም ነው።"

"ሰም በልተሽ ታውቂያለሽ?" አሉ ጎረቤታችን።

"ባልበላውስ? ዕድሜዬን ሙሉ ስተነፍሰው አይደል የኖርኩት?"

ጎረቤታችን ሳቁና የእሳቸውን ቁራጭ ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩት። ከዚያ ሁለቱም ቁራጩን ቀስ ብለው መምጠጥ ጀመሩ። አፋቸው ውስጥ የሆነ ሩቅ ነገር እያዳመጡ ይመስል ነበር።

እናቴ ጧፍ ሠሪ ናት። ጎረቤታችን በእንዝርት የፈተሉትን ክር ትደርባለች፣ በቀለጠ ሰም ውስጥ ታሳልፋለች፣ ሳይደርቅ ለስላሳ ሳንቃ ላይ በመዳፏ ታድበለብለዋለች። ለገና የሚመጣው ምእመን ሌሊቱን ሙሉ በእጁ ይዞት የሚቆመው ጧፍ እንደ እሷ ካሉ ሴቶች ጓሮ የሚወጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጓሯችን ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ክር ይሞላል። ጠዋት ጉሙ ከአሸተን ተራራ ወርዶ ክሩ ላይ ሲተኛ ነጩን ክር ከነጩ ጉም መለየት ያቅታል። እናቴም በመካከሉ ስትመላለስ ግማሽ አካሏ ብቻ ይታያል፤ አንዴ ትከሻዋ፣ አንዴ እጇ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ ለዚህ ጾም የወሰድኩት በአንድ ምክንያት ነበር። የእናቴ የደም ግፊት ከፍ እያለ ነበር። የጤና ጣቢያ ካርዷ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፤ በሐምሌ 134 በ84፣ በመስከረም 152 በ94፣ በጥቅምት 166 በ98። መድኃኒቷ አልተቀየረም። ኑሮዋም አልተቀየረም። የእሷ እናት፣ ማለትም አያቴ፣ እዚያው የሰም ክፍል ውስጥ ሳለች ነው ግራ ጎኗ በስትሮክ የሰነፈው። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ተቀምጣ ክሩን በዓይኗ ብቻ ስትከተል አስታውሳለሁ። እናቴ ይህን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ግን አንዳንድ ጊዜ ሥራዋን አቁማ የግራ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ስታደርገው አይቻታለሁ።

ቸኮሌቱን በልብስ መሃል ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር። ጋሸና ላይ መኪና ስንቀይር አውጥቼ ነካሁት፤ በብርዱ ድንጋይ ሆኗል። ያመጣሁት ለመድኃኒትነት አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ልብ ጤና ዘገባ ስሠራ ሐኪሞችን ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቄ ነበር። የነገሩኝ ባጭሩ ይህ ነው፤ ካካዎው የበዛ፣ ስኳሩ ያነሰ ጥቁር ቸኮሌት በመጠኑ ሲበላ የደም ሥርን በጥቂቱ ሊያላላና ግፊትን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል። መድኃኒትን ግን አይተካም። ከመጠን ካለፈ ስኳርና ስብ ነው። "ሊቀንስ ይችላል" የሚለውን "ይቀንሳል" ብዬ እንዳልጽፍ ሁለቱ ሐኪሞች ለየብቻ አስጠንቅቀውኛል። ይዤው የመጣሁት እናቴ ጣፋጭ ስለምትወድ፣ ወተት የሌለበት ስለሆነና ቢያንስ የማይጎዳት ነገር ልስጣት ብዬ ነው።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ በቅበላው እሑድ፣ የንስሐ አባቷ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብለው ነበር። እናቴ ቸኮሌቱን ከነመጠቅለያው አቀረበችላቸው። ያዩት ዘንድ ነው እንጂ ይበሉት ዘንድ አይደለም።

"ላም አለችበት?" አሉኝ።

"የለችበትም፣ አባ። ካካዎ፣ ስኳርና የካካዎ ቅቤ ብቻ ነው።"

"ቅቤ አልሽ?"

እናቴ እጇን ዘርግታ ቸኮሌቱን ከፊታቸው ነጠቀችው። "አንቺ ልጅ! ጾም ልታስገድፊኝ ነው የመጣሽው?"

"ከዛፍ ፍሬ ነው የሚጨመቀው፣ እማ። እንደ ኑግ ዘይት ማለት ነው።"

"እንግዲያው ዘይት ነው በያ!" አሉ አባ። "ቅቤ እያልሽ ምን ሰው ታሸብሪያለሽ? በቀን ስንት ትበላለች?"

"አንዲት ቁራጭ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ።"

"ሁለት ብትደግምስ?"

"አይገድላትም። ግን ጥቅሙ በትንሹ ሲሆን ነው።"

"በትንሹ ከሆነ መልካም። የዚህ ዓይነቱ ነገር ችግሩ ማቆሚያው ላይ ነው።" ቸኮሌቱን በዓይናቸው ሸኙት። "እኔም ግፊት ቢኖርብኝ ኖሮ..."

"ኧረ እግዜር ይጠብቅዎ፣ አባ!" አለች እናቴ፤ ቸኮሌቱን ግን አልመለሰችላቸውም።

መድኃኒቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ገና በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ደውዬ ጠይቄያት ነበር። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም አለችኝ። እናቴም ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ በዚያው ሰዓት ስትወስደው ቆይታለች።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ያሉት ቀናት በትዝታዬ ውስጥ አንድ ረጅም ከሰዓት ሆነው ነው የቀሩት። ውኃ እንኳ ያልቀመሰ ሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚሰማው ነገር ርሃብ ብቻ አይደለም። ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። የእንዝርቱ ሽክርክሪት፣ ከላይኛው ሰፈር የሚሰማው የድንጋይ ወቀራ፣ የሰሙ መንተክተክ፣ ሁሉም ከውኃ ሥር እንደሚሰማ ሆኖ ይለሰልሳል። እናቴና ጎረቤታችን የክሩን ሁለት ጫፍ ይዘው በጓሮው ይመላለሳሉ። አንዷ ስትሄድ አንዷ ትመጣለች፤ አይነጋገሩም፣ አይጋጩምም። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እያየኋቸው ስንት ሰዓት እንዳለፈ የምስተው ጊዜ ነበር። በሥራዬ ሰዓት ስቼ አላውቅም።

ዘጠኝ ሲል ምግቡን ላቀራርብ ወደ ማዕድ ቤት እሄዳለሁ። ስመለስ እጠይቃለሁ።

"መድኃኒቱን ወሰድሽ?"

"ወሰድኩ።"

"ቸኮሌቱንስ?"

"በላሁ። ዛሬ ደግሞ ምሬቱ ቶሎ ለቀቀኝ።"

ማስታወሻዬ ላይ እጽፈዋለሁ። ቃሏን ብቻም አላመንኩም። ክኒኖቹ የታሸጉበትን ቅጠል አየሁ፤ በየቀኑ አንዲት ትጎድላለች። ቸኮሌቱንም አየሁ፤ በየቀኑ አንዲት ቁራጭ ትጎድላለች። ሽሮውን ቀመስኩት፤ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። የሰሙ ጭስ ይሆን ብዬ መስኮቱን በሰፊው አስከፈትኩ። ብርሃኑ ብቻ ጨመረ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። 168 በ100። ነርሷ ወጣት ናት፣ ቶሎ አትደናገጥም። ግን ቁጥሩን ስታይ ብዕሯን አስቀመጠች።

"በትክክል ትወስዳለች?"

"በየቀኑ" አልኳት። ማስታወሻዬን ገልጬ አሳየኋት።

"እንግዲያው ሁለተኛ መድኃኒት ልንጨምር ነው። የሚቀጥለው ሰኞ ሐኪሙ ስለሚኖር ያኔ ይምጡ።"

ስንመለስ እናቴ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልቁለት ቀስ እያለች ወረደች። የግራ እጇ ጣቶች ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ።

ታኅሣሥ 3 ቀን፣ ዐርብ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የጧፉን ጫፍ ልቆርጥላት ቢላዋዋን አነሳሁ። ይህች ቢላዋ ከጧፍ በቀር ሌላ ነገር አይነካትም፤ ሰሙ እንዳይቆሽሽ እናቴ በጣም ትጠነቀቃለች። ስለቱ ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ነበር። ቸኮሌት ነው። ከአጠገቡ ደግሞ ትንሽ ነጭ ዱቄት። ሰም ዱቄት የለውም። በጣቴ ጫፍ ነክቼ ምላሴ ላይ አደረግኩት። መራራ ነው፤ የቸኮሌቱ ዓይነት ምሬት ግን አይደለም።

በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕድ ቤት አልሄድኩም። አልተደበቅኩምም። ክሮቹ መካከል ቆሜ የደረቀውን እየሰበሰብኩ ነበር። ጎረቤታችን ግድግዳው በፈረሰበት ቀዳዳ በኩል ገብተው ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እናቴ ቢላዋዋን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች። አንዲቷን የቸኮሌት ቁራጭ ሳንቃው ላይ አድርጋ ለሁለት ከፈለቻት። ቀጥላ ክኒኗን አወጣች። እሷንም መሃሏን በስለቱ ጫን አለችና ለሁለት ከፈለቻት። አንድ ግማሽና አንድ ግማሽ በእሷ መዳፍ፣ አንድ ግማሽና አንድ ግማሽ በጎረቤታችን መዳፍ። ነጩና ጥቁሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለአፍታ ታዩኝ። ሁለቱም አማተቡ። ነጩን በውኃ ዋጡ፤ ጥቁሩን ምላሳቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ ብርሃን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በላይ ሰላም ያለው ነገር አይቼ አላውቅም።

እስኪቀልጥላቸው ጠበቅኩ።

"እማ።"

"እህ?"

"ክኒኑን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትከፍይው?"

"ከፍልሰታ ወዲህ።" አልደነገጠችም። "ምነው?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? ወሰድሽ ወይ ትይኛለሽ፣ ወሰድኩ እልሻለሁ።"

ጎረቤታችን ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔም ግፊት አለብኝ፣ ልጄ። ራሴን ያዞረኛል። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል።"

"ተለክተው ያውቃሉ፣ እትዬ?"

"ምን ያስለካኛል? እናትሽንም ሲጀምራት እንዲሁ ነበር ያዞራት። በአንድ ክር ተያይዘን ስንውል የእሷ ሲጋባብኝ ነው።"

"ግፊት አይጋባም።"

"እሱን ለራሴ ንገሪው፤ የሚዞረው እሱ ነው።"

እናቴ ጣልቃ ገባች። "እሷ ፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ ብቻዬን እንዴት አድርጌ እውጣለሁ? አንቺስ ብትሆኚ ትውጪው ነበር?"

በዚያ ቤት ያደግኩ ነኝ። ሰው እያየሽ ለብቻሽ ወደ አፍሽ የሚገባ ነገር የለም፤ አንድ ጭብጥ ቆሎም ቢሆን ከዘመድም ከባዳም ጋር ይካፈላል። ማንም ቆሞ አስተምሮኝ አያውቅም፤ እጄ በራሱ ይዘረጋል። ስለ ቸኮሌቱ ሐኪሞችን የጠየቅኩትን ያህል እንኳ ስለ እናቴ መድኃኒት አልጠየቅኩም። ቅጠሉን ቆጥሬያለሁ፤ ቆጠራው ልክ ነበር። አንዲት ክኒን ጎድላለች። የጎደለችው ወዴት እንደሄደች ግን አልጠየቅኩም። የአንድ ሳምንት ጀማሪ ዘጋቢ የማይስተውን ነው የሳትኩት። ካርዱን አውጥቼ እንደገና አየሁት። ሐምሌ፣ ከፍልሰታ በፊት፤ 134 በ84። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ የግማሽ ክኒን ቁጥሮች ናቸው።

"ሰኞ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን" አልኩ።

"እኔ አልሄድም" አሉ ጎረቤታችን።

"ለምን፣ እትዬ?"

"ተለክቼ ከሌለብኝስ?"

"ከሌለብዎት ጥሩ ነዋ።"

"ጥሩ? አራት ወር ሙሉ የእናትሽን መድኃኒት በከንቱ በላሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል አያታለሁ?"

"በዚያው በግድግዳው ቀዳዳ ነዋ" አለች እናቴ። "ሌላ በር አለሽ?"

ጎረቤታችን መሳቅ አልፈለጉም፤ ግን ሳቁ። ቅዳሜንም እሑድንም ግን በቀዳዳው አልገቡም። እናቴ ክሩን ብቻዋን ስትወጥር ሌላኛውን ጫፍ ግንድ ላይ ታስረዋለች። ክኒኗን ሙሉውን ዋጠች። ስትውጥ ቆርባ እንደምትወጣ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጋረደች፤ ሌላ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ። ቸኮሌቱን ግን ከፍላ ግማሹን ሳንቃው ላይ ተወችው። እሑድ ወደ ማታ ሁለት ግማሾች ተሰልፈው ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤታችን ያልተጠሩ እንግዳ መስለው በዋናው በር መጡ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። በመንገዱ ሁሉ ከእናቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ነው የሄዱት። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ዞር ስል አንዳንዴ ይታዩኛል፣ አንዳንዴ አይታዩኝም፤ የእግራቸውን ድምፅ ግን እሰማ ነበር።

ለነርሷ የነገርኳት ቃል በቃል ይህን ነው፤ "ባለፈው ያሳየሁሽ ማስታወሻ ስህተት አለበት። ወሰደች የሚለው በየቦታው ግማሽ ተብሎ ይታረም።"

ነርሷ እኔን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ ከኋላችን ግድግዳውን ተጠግተው የቆሙትን አየች። "እርስዎ ነዎት ተካፋይዋ? ይምጡ እስቲ፣ ይቀመጡ።"

ግፊታቸው በመጀመሪያ 92 በ58 ሆነ። አስነሥታ ስትለካቸው ከዚያም ወረደ። የዓይናቸውን ሽፋን ወደ ታች ስባ አየች፤ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ደማቸው ተመረመረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣው ውጤት የደም ማነስ ይላል።

"እትዬ፣ እርስዎ ግፊት የለብዎትም" አለች ነርሷ። "ያለብዎት ተቃራኒው ነው። የሚያዞርዎት የደም ማነሱ ነው፤ የእሳቸው ክኒን ደግሞ ያለውንም እያወረደብዎት ነበር። ወድቀው ቢሰበሩስ ኖሮ?"

ጎረቤታችን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ "አየሽ? ቀምቼሽ ነበር" አሉ።

"ምን ቀማሽኝ? በእጄ ሰጥቼሽ።"

"አንቺ ጎንሽ ሰንፎ ቢሆንስ ኖሮ? እንደ እናትሽ?"

በዚያ ቤት ማንም አውጥቶት የማያውቀው ነገር እንዲህ ተባለ። እናቴ የግራ እጇን አየች። "አልሰነፈም" አለች። ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋችና፣ "አንቺ ብትወድቂስ ኖሮ? ክሩን ማን ሊይዝልኝ?"

ለጎረቤታችን የብረት ክኒን ተሰጣቸው። በስማቸው ካርድም ወጣ። ክኒኑን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩ እናቴ አንገቷን አሰገገች።

"ምን ዓይነት ነው? አምጪ እስቲ። ቀይ ነው!"

"በሕግ አምላክ!" አለች ነርሷ ከወንበሯ ብድግ ብላ። "ይኼኛውንም ልትካፈሉት ነው? እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን!"

ሁለቱ አሮጊቶች እንደተቆጧቸው ተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሳቅ።

ሁለተኛው መድኃኒት አልተጨመረም። ሐኪሙ እናቴ ሙሉውን ክኒን ሦስት ሳምንት ወስዳ እንድትታይ አዘዘ። ስለ ቸኮሌቱም ጠየቅኩት። የበዛ ነገር እንዳልጠብቅበት ነገረኝ፤ ያቺን ታክል ከሆነች ግን አትጎዳትም፣ ግማሿም ትበቃለች፣ እሷን ከፈለጉ ይካፈሏት አለ። ይህን ለሁለቱም ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። የሚካፈለው የትኛው እንደሆነ፣ የማይካፈለው የትኛው እንደሆነ በየተራ መልሰው እንዲነግሩኝም አደረግኩ።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎረቤታችን በቀዳዳው ይገባሉ። ሁለቱም ጀርባ ለጀርባ ይሆናሉ። እናቴ ወደ ምድጃው ዞራ ነጯን፣ ጎረቤታችን ወደ ጓሮው ዞረው ቀይዋን ይውጣሉ። እኔ በመካከል ቆሜ አያለሁ። አንዷ "ጨረስሽ?" ትላለች፤ ሌላዋ "ጨረስኩ" ትላለች። ከዚያ ፊት ለፊት ዞረው ጥቁሯን ይከፍላሉ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ምእመኑ መምጣት ጀመረ። በእግራቸው ብዙ ቀን የተጓዙ ሰዎች በአጥራችን ሥር እየዘመሩ ያልፋሉ። ነጭ ልብሳቸው ከጉሙ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። እናቴ ቀን ቀን ጧፍ ትሸጣለች። ጎረቤታችን መፍተሉን አላቆሙም፤ ሲነሡ ግን አሁንም ግድግዳውን ይደገፋሉ። ነርሷ ይህ ወራት እንደሚፈጅ ነግራናለች።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጧፉን ለጎረቤታችን አደራ ብለን ከእናቴ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ለመድረስ ከወትሮው እጥፍ ጊዜ ወሰደብን። ወረፋ ጠበቅን። ነርሷ የእናቴን ክንድ አስራ ለካች። 144 በ90። ጻፈችው። አምስት ደቂቃ እንድትቀመጥ አደረገችና ደግማ ለካች።

138 በ86።